በቢፍቱ ልክ

የልብስ ማሳያዋ አሻንጉሊት ከለቡ መብራት ኃይል በባጃጅ ነበር የመጣችው፤ ፊት የሌለው ጭንቅላቷ በጎን ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ እየተሳለመ። የቀረጻት አናጢ፣ ጸጋአብ፣ ወገቧን አቅፎ ሲያወርዳት ልብስ ሰፊዋ ቲና ከበሩ ላይ፣ «ሚስትህ እንዳታይህ» አለችው። ገዲሴ አልሳቀችም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የፋሽን ትርዒት አለባት።

ገዲሴ እንግዲህ ዲዛይነር ናት። ልብስ ሰፊ ሲሏት ቅር ይላታል፤ ሰፈሩም ይህን ስለሚያውቅ ልብስ ሰፊ ይላታል። ይሁንና ቀሚሶቿ ናይሮቢና ዳካር ደርሰዋል። በየመጽሔቱ የሚወደስላት ወደ ግራ ትከሻ ዘንበል ብሎ የሚወርደው አንገትጌዋ ነው። ከየት አመጣሽው ሲሏት፣ «የፉሪ ተራራ ሲያዘቀዝቅ አይቼ» ትላለች። ወላጆቿ እርሻ በነበራቸው ዘመን ተራራውን ቀና ብለው የሚያዩት ዝናብ ሲጠብቁ ብቻ ነበር፤ ግን ይሁን።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ቀሚስ የቆረጠችው በታላቅ እህቷ በቢፍቱ ገላ ላይ ነው። ቢፍቱ ትቆማለች፤ ገዲሴ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ትዞራታለች። በትርዒቱም የመጨረሻውን ቀሚስ ለብሳ የምትወጣው ሁልጊዜ ቢፍቱ ናት። ማንም አልተዋዋለበትም፤ እንዲያው ደንብ ሆኖ ቀረ። ዘንድሮ ግን ቢፍቱ አርባን አልፋ አራተኛዋን ወለደች፤ ወገቧም የሚመለስ አልሆነም። ገዲሴ የዘንድሮዎቹን ቀሚሶች ከድሮ ንድፎቿ ቆረጠች፤ የዛሬ ስምንት ዓመቱን የቢፍቱን ልክም ከደብተር ገልብጣ፣ የመጨረሻውን ቀሚስ ለብሳ የምትቆም አሻንጉሊት እንዲቀርጽላት ለጸጋአብ ሰጠችው። ለእህቷ የምትነግርበት ሦስት ሳምንት ነበራት። አልነገረቻትም። አሻንጉሊቷን ስታይ ራሷ ይገባታል፣ ቃል ከማውጣት ይሻላል ብላ አሰበች፤ ይህንንም ርኅራኄ አለችው።

ቢፍቱ ስድስት ሰዓት ላይ ከሀና ማርያም መጣች። ጸጉሯን ተሠርታለች። ሦስት ሳምንት እራት እንዳልበላች ለማንም አልተናገረችም፤ የጎደጎደው ጉንጯ ግን ይናገር ነበር። ሁለት እርምጃ ገብታ ቆመች። ነጩ የመጨረሻ ቀሚስ ከአሻንጉሊቷ አጠገብ ተሰቅሏል።

«ይቺ ማናት?»

ቲና ዓይኗን ማሽኗ ላይ ተከለች።

«አንቺው ነሽ» አለች ገዲሴ፤ ቀልድ ልታስመስለው እየሞከረች። «የድሮሽ።»

ቢፍቱ አሻንጉሊቷን ዞረቻት። ወገቧን በሁለት እጇ ለካች። «ቀጭን ነበርኩ ለካ» አለች። «እኔስ ታዲያ የት ልቁም?»

«ከመጋረጃው ኋላ ልብስ ታቀብያለሽ። ሰው ያንሰናል።»

«እሺ።»

ሻርፗን ከቦርሳዋ አውጥታ የተሠራውን ጸጉሯን ሸፈነችው።

አሻንጉሊቷን ቀሚሱን አለበሷት። ወገቡ ልክ፣ ዳሌው ልክ። የግራ ትከሻው ግን ተሰቅሎ ቀረ፤ ጨርቁ አንገቷ ሥር ተኮማተረ፤ ጫፉም በአንድ በኩል ተነሳ። ገዲሴ በስፒል ያዘችው፤ ባሰበት። ሌላ ቀሚስ ሞከሩ፤ ያው ሆነ። ያ ሁሉ የተወራለት አንገትጌ የጀማሪ ስፌት መሰለ።

«ጸጋአብ አበላሽቶታል።»

«እሱ ምን አደረገ» አለች ቲና፤ «ሁለቱን ትከሻ እኩል ነው የሠራው።»

ገዲሴ ዞራ እህቷን አየቻት። የግራ ትከሻዋ እንደ አንገትጌው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይላል። በልጅነታቸው ጠዋት ጠዋት ቢፍቱ የሃያ ሊትር ጀሪካን ከወንዝ ሞልታ፣ በገመድ አንግታ ዳገቱን ትወጣ ነበር። ሸክሙ ሁልጊዜ በግራ ነው፤ በቀኝ እጇ ትንሿን ገዲሴን ይዛ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ታደርሳት ነበርና። ራሷ ግን አጥሩን አንድም ቀን አላለፈችውም።

ፉሪ በመስኮቱ በኩል ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ገዲሴ ወደዚያ አላየችም።

«ቀሚሱን ጎንና ጎኑን ብንፈታውኮ ለቢፍቱ ይሆናል» አለች ቲና ቀስ ብላ። «ሁለት ሰዓት አይፈጅብኝም።»

ቢፍቱ እጇን ሻርፗ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች። ገዲሴ የእህቷን ወገብ አየች፤ ሆዷን አየች፤ ከፊት ወንበር የሚቀመጡትን የውጭ አገር ልብስ ገዢዎች አሰበች። ጓሮ ወጥታ መጋዝ ይዛ ተመለሰች።

«እቴቴ» አለች። ስሟ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም። «እንዳትነቃነቅ ያዢልኝ እስቲ።»

ቢፍቱ ከኋላ ሆና አሻንጉሊቷን በአንድ ክንዷ ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈቻት። መጋዙ የግራ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ሌላውን እጇን ዘርግታ የገዲሴን እጅ ያዘችና ወደ አንገቱ አስጠጋችው።

«ዝቅ ማለቱ ከዚህ ነው የሚጀምረው» አለች።

ገዲሴ የእህቷ እጅ እስኪነሳላት ጠበቀች። ቢፍቱ ግን እጇን አላነሳችም።