የቁጥር አስራ አንድ ቅጠል

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን ቅጠል የት አደረግሽው?»

ሀውራ የጠየቀችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ለሟች ባሏ ለማህዲ ዱዓ እየተደረገ ነበር። የማህዲ እህት ራዚያ ጓዳ ውስጥ ካጎነበሰችበት ቀና አለች።

«በወረቀት የተጠቀለለችውን? በማር ለውሼ ለእማ ጉልበት አሰርኩላት። ሦስት ቀን ሙሉ መሬት ተቀምጣ ጉልበቷ ዱባ አክሏል! ማህዲስ ያስርላት አልነበር?»

«ሁሉንም?»

«ምን አላትና፣ አንድ እፍኝ አትሞላም እኮ።»

ሀውራ የበሩን መቃን ያዘች።

ቅጠሏን ለማህዲ ያሳዩት መድኃኒት አዋቂው ሼህ ሀሚዱ ነበሩ፣ አምባሰል ገደል ላይ። «ስሟ ከተጠራ አታድንም» ብለው አስማሉት። እሱም የመድኃኒት ቅጠሎችን በሚመዘግብበት ደብተር ላይ «ቁጥር አስራ አንድ» ብቻ ብሎ ጻፈ፤ ለዕፅዋት ባለሙያም አላሳይም አለ።

«ስም በሌለው ቅጠል ማን ያምነናል?» ብላ ሀውራ ስትቆጣው ሳቀ።

«አንቺ ኬሚስቷ፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን አግኚልኝ። ስም አይጠፋም።»

ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ የቅጠሏ ጭማቂ የአይጦቹን እግር እብጠት በግማሽ አወረደው። እብጠቱን የሚያወርደው የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ሳይለዩ ግን ቅጠሉ ሊያልቅ ደረሰ። ሼህ ሀሚዱ ሞተዋል። «ክረምቱ ሳይወጣ፣ ሳትደርቅ ሂድና አምጣ» ያለችው ሀውራ ናት። ማህዲን ገደሉ ሥር ሞቶ ሲያገኙት እጁ ባዶ ነበር።

እሷ ተክሏን በቁሟ አይታት አታውቅም። ወጥታ እንዳትፈልግ የአራት ወር ከአስር ቀን የባል ሐዘን፣ ዒዳ ላይ ናት፤ ከቤት አትወጣም። ዛሬ ጠዋት መሐላውን አፍርሳ ያቺን እፍኝ ለባለሙያ ልትልክ ቆርጣ ነበር።

ለቅሶ በመጡት ሴቶች መሃል አለፈች።

«አንድ እንባ አልወጣትም እኮ» አለች አንዷ። «የተማረ ሰው እንዲህ ነው?»

«ዝም በይ ወዲያ፣ ትሰማሻለች!»

አማቷ መስኡዳ ጥግ ላይ እግራቸውን ዘርግተዋል። ሀውራ ተንበርክካ ጨርቁን ፈታችው። ማርና አረንጓዴ ጭቃ። አንድም ሙሉ ቅጠል የለም።

«ቀሎኛል ልጄ» አሉ መስኡዳ። «የማህዲዬ መድኃኒት አይደል።»

ሀውራ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዘዘች። እብጠቱን ልትለካ ጉልበታቸው ላይ አዙራ ጫፉ የገጠመበት ላይ ምልክት ቋጠረች፤ ከዚያ ክሩን አውጥታ ጨርቁን መልሳ አሰረች።

በማግስቱ ድንኳኑ ሲፈርስ ከሰፈሩ ግርጌ ካለው ሐይቅ በኩል ነፋስ ገባ። ሀውራ ጨርቁን ፈትታ ክሩን እንደገና አዞረች። የክሩ ጫፍ ትናንት የገጠመበት ቋጠሮ ላይ አልደረሰም። አንድ ጣት ያህል ቀረው፤ እብጠቱ ጨምሯል።

«ወረደልኝ?» አሉ መስኡዳ።

ሀውራ በሕይወቷ አንድም ልኬት አሳስታ ጽፋ አታውቅም። ክሩን ሳበችው። አሁንም አልደረሰም። በሁለት እጇ ይዛ አጥብቃ ሳበችው፤ ክሩ ያበጠው ሥጋ ውስጥ ሰመጠ።

መስኡዳ ከንፈራቸውን ነከሱ። እግራቸውን ግን አልሰበሰቡም።