የተቀቀለው ጭቃ

ወንዙ ድልድዩን ከወሰደው አራተኛ ቀኑ ነበር። ኡዳሪ በማለዳ ተነስታ ከጎጆው በር ላይ ቆመችና ውሃውን አየች። ትናንት በኖራ ያሰመረችው ድንጋይ አሁንም ብቅ አላለም። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ሰዓቱን ጻፈች፤ ከጎኑም «አልጎደለም» ብላ አሰፈረች። ከጎጆው ጀርባ ያለው ዳገት ደግሞ በሁለተኛው ቀን ተንዶ ወደ ሻይ እርሻው የሚያወጣውን መንገድ ቀብሮታል። ፊት ለፊት ወንዝ፣ ከኋላ ናዳ። ስልክ እንደሆነ በደህናውም ቀን እዚህ ጫካ ውስጥ አይሠራም።

የተረፈውን ስንቅ ከታች ዘረዘረች፦ ሩዝ ሁለት ኩባያ ተኩል፣ ምስር አንድ እፍኝ፣ ኮኮነት አንድ፣ የደረቀ ዓሣ አራት፣ ከዘንባባ ጭማቂ የተሠራ ስኳር አንድ ቁራጭ፣ ደረቅ እንጨት ለሁለት ጊዜ እሳት። በዝርዝሩ ላይ ያላሰፈረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱም ጠረጴዛው ላይ፣ አራተኛዋ የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ድንክ ፌንጣ ነው።

ድንክ ፌንጣ እንደ ሌሎቹ ፌንጣዎች አትዘፍንም፤ የሚሰማ ጆሮም የላት። በወንዝ ዳር፣ በእርጥብ ድንጋይና በጭቃ ላይ የሚያቆጠቁጠውን አረንጓዴ እየጋጠች ትኖራለች፤ ሲያስደነግጧት ዘላ ውሃ ውስጥ ትገባለች። ከአንገቷ የሚነሳ ጠንካራ ካባ ጀርባዋን ከዳር እስከ ዳር ያለብሳታል። አንዷን ዝርያ ከሌላዋ ለመለየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህን ካባ ነው፤ ርዝመቱን፣ ጉብታውን፣ የጫፉን ሹልነት።

ከስምንት ዓመት በፊት የጫካው መንገድ መሪ ጉኔሪስ ከዚሁ ወንዝ ሦስት ድንክ ፌንጣዎች ይዞላት መጣ። ካባቸው ከኋላ እግራቸው ጉልበት ያልፋል፤ ክንፋቸውም ከካባው ሥር ረዝሞ ይታያል። ኡዳሪ ኮሎምቦ ባለው ሙዚየም አሥራ አራት ወር ሙሉ ከነበሩት ናሙናዎች ጋር አንድ በአንድ ስታመሳክራቸው ቆየች። የሚመስላቸው አጣች። አዲስ ዝርያ ናቸው ብላ ጻፈች፤ ያገኘላትን ሰው ስም ሰጥታም «ጉኔሪሲ» አለቻቸው። በሕይወቷ የሰየመችው የመጀመሪያው ዝርያ ነው።

በዚያው ወንዝ፣ በዚያው ድንጋይ ላይ ሌላም ድንክ ፌንጣ አለች፤ ካባዋ አጭር፣ ክንፏ ጉማጅ። እሷን የሰየማት፣ ይህን የደሴት አገር በእግሩ ረግጦ የማያውቅ አንድ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት፣ በሣጥን ተልካ ከደረሰችው አንዲት የደረቀች ናሙና ተነስቶ። ያወጣላት የላቲን ስም ትርጉሙ «ቆሻሻ» ማለት ነው።

ከአምስት ወር በፊት ኡዳሪ አንዲት አጭር ክንፍ እናት ይዛ ለብቻዋ አራተኛው ሣጥን ውስጥ አስገባቻት። እናቲቱ እንቁላል ጣለች፤ አሥራ አንድ ግልገሎች ተፈለፈሉ። ኡዳሪ ኮሎምቦ ስትሆን የሚንከባከባቸው ጉኔሪስ ነበር። አሥሩ እንደ እናታቸው አጭር ካባ ለብሰው አደጉ። አሥራ አንደኛው ዘገየ። ከትናንት በስቲያ፣ ዳገቱ በተናደ ዕለት፣ የመጨረሻ ቆዳውን ገፈፈ። ካባው ረጅም፣ ክንፉ ረጅም፤ ከራሱ እስከ ጭራው ጉኔሪሲ።

ሦስት ጊዜ ለካችው። ሦስቱም ጊዜ ያው ነው። ሁለቱን የወለደች አንዲት እናት ከሆነች ሁለት ዝርያ የለም፤ አንድ ነው። የሙያው ሕግ ደግሞ ቁርጥ ነው፤ አንድ እንስሳ ሁለት ስም ከተገኘበት ቀድሞ የወጣው ይጸናል፣ የኋለኛው ይወድቃል።

ጨርቁን የደረበችበት ያን ጊዜ ነው። «ብርሃን ይጎዳዋል» አለች። በአራት እርምጃ ጎጆ ውስጥ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይመጣል?

«ሚስ፣ ሻይ ደርሷል» አለ ጉኔሪስ ከምድጃው። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ የእግሩ ጣቶች እንደ እጅ ጣት የሚይዙ። «ፌንጣዎቹ ቁርሳቸውን ጨርሰዋል፤ የቀረነው እኛ ነን።»

ስኳሩን በጥርሱ ሳይሆን በቢላዋ ከፈለና ትልቁን ግማሽ ሰጣት። እየገመጡ እየተጎነጩ ጠጡ።

«ወንዙስ?»

«አልጎደለም፣ አጎቴ።» ዝምድና የላቸውም፤ አጎቴ የምትለው በአክብሮት ነው።

«አባቴ አንድ ጊዜ እዚሁ አሥራ አንድ ቀን ተይዞ ነበር። ሲመለስ እናቴ አላወቀችውም።»

«ከስተው?»

«ኧረ ጺም አሳድጎ! ሽፍታ መስሏት በር ዘጋችበት። በገዛ ቤቱ ደጃፍ አሥራ ሁለተኛውን አደረ።»

ኡዳሪ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ጉኔሪስና ባለቤቱ ሊሊ ኖና ልጅ አልወለዱም። ጽሑፉ የታተመ ጊዜ የመንደሩ ሻይ ቤት ባለቤት ቪማላ ገጹን በመስታወት አስገብታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ጉኔሪስ በገባ ቁጥር አንዱ ተነስቶ «ጉኔሪስ፣ ልጅህ ዛሬ ስንት ክንድ ዘለለ?» ይለዋል። እሱም «ያንተ ልጅ ከዘለለው የትምህርት ቤት አጥር ያነሰ!» ይላል። ሊሊ ኖና ግን በቀልድ አላለፈችውም። ያን ቀን ገጹን በጣቷ ዳስሳ «በመጨረሻ ስምህን የሚያስጠራ ልጅ አገኘህ፤ ደግሞ ምግብ አይጠይቅም» አለችው። ከሦስት ዓመት በፊት ሞተች።

ኡዳሪ ሁለት ቀን ሙሉ የፈለገችው ስህተት ነበር፤ አንዲት ቀዳዳ። ግልገሎቹን በሌላ ሣጥን አደባልቃ ይሆን? ሣጥኗ አልተከፈተችም። መረቡ ተቀዶ ይሆን? አልተቀደደም። የቀረው ጭቃው ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከወንዙ አዲስ ጭቃ ይመጣል፤ የሌላ ፌንጣ እንቁላል ይዞ እንዳይገባ ሃያ ደቂቃ ይቀቀላል፤ ከዚያ በተከደነ መስታወት ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ አረንጓዴው ዳግም ሲያቆጠቁጥ ለፌንጣዎቹ ይሰጣል። ጉኔሪስ በቀቀለ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ጭቃ ከተቀቀለባቸው ሳምንታት ሁሉ ጎን ምልክት አለ። ከስድስተኛው ጎን ብቻ የለም።

ያን ሳምንት ጭቃው ሳይቀቀል ገብቶ ከሆነ፣ የጉኔሪሲ እንቁላል አብሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሙከራው ፈረሰ። ስሙም ተረፈ።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አጎቴ፣ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ምልክት የለም። ምናልባት እንጨቱ ረጥቦ፣ ወይም ደክሞዎት፣ ያን አንድ ጊዜ ጭቃው ሳይቀቀል አልፎ ይሆን? እንዲህ ያለ ነገር በማንም ይደርሳል፤ ማንም አይቀየምዎትም።»

ጉኔሪስ ብርጭቆውን አሽከረከረ።

«ያስቡበት» አለችና ከአንድ ሰዓት በፊት ያየችውን ወንዝ ለማየት ወጣች።

ዝናቡ አልቆመም። አልቅቶች ከቅጠሉ እየወረዱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲጣበቁ አላላቀቀቻቸውም። የወንዙ ዳር ላይ ቆማ ጥያቄዋን እንደ ናሙና አገላብጣ አየችው። እንጨቱ ረጥቦ። ደክሞዎት። በማንም ይደርሳል። ሦስት ምክንያት በአንድ ትንፋሽ ደርድራ ለሰውየው አጉርሳዋለች። ይህ ጥያቄ ሳይሆን ልመና ነው። «አልቀቀልኩም» ካለ እንደገና አምስት ወር ነው፤ ዳግም መሞከሯን ደግሞ የሚጠይቃት የለም። «ቀቅያለሁ» ካለ የሠራችውን በእጇ ታፈርሳለች፤ የሰውየውንም ስም ከነመስታወቱ። ወንዙ እግሯ ሥር ይጮሃል። የምትሄድበት አልነበራትም፤ ተመለሰች።

ጨርቁ ከአራተኛዋ ሣጥን ላይ ተነስቷል። ጉኔሪስ አጉሊ መነጽሯን ዓይኑ ላይ ደግኖ ተቀምጧል።

«ያምራል» አለ ዘወር ሳይል። «ካባው ከጉልበት አልፏል። እኔ ነኝ አይደል?»

«አጎቴ...»

«ሁለት ቀን በጨርቅ ሸፈኑት። ሚስ፣ እኔ አርባ ዓመት ቅጠል መስሎ የሚተኛ እባብ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የጠረጴዛ ጨርቅ ሥር ያለ ፌንጣ ይጠፋኛል?»

ቁጭ አለችና ነገረችው፤ እናቲቱን፣ አሥሩን፣ አሥራ አንደኛውን፣ ሕጉን። ሳያቋርጥ ሰማት።

«እና ስሙ ማን ሊባል ነው?»

«የቀድሞው ነው የሚጸናው።»

«ቆሻሻ?»

«በላቲን ነው፤ የሚገባው ሰው የለም።»

«ደግነቱ ቪማላ ቤት ላቲን የሚችል የለም» አለ። ፈገግታው ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። መነጽሩን አጥፎ በጥንቃቄ አስቀመጠው። «ያ ምልክት የሌለው ሳምንት... በር ልትከፍችልኝ ነው አይደል፣ ልጄ?»

በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «አንቺ» ብሏት አያውቅም። ኡዳሪ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ያን ሳምንት የሊሊ ሙት ዓመት ነበር። መነኮሳቱን ለማብላት ወደ መንደር ወረድኩ። ከመውረዴ በፊት በጠዋት ጭቃውን ቀቅያለሁ፤ ሃያ ደቂቃ፣ ቆጥሬ። ምልክት ማድረጉን ረሳሁ እንጂ መቀቀሉን አልረሳሁም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ለመነኮሳቱ ይዤ የወረድኩትን ሩዝ ያሳረርኩት ጭቃውን ስቆጥር ነው። መነኮሳቱን ጠይቂያቸው፣ አይረሱትም።»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ በረታ። ጉኔሪስ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሌላም አለ። አሁን ካልነገርኩሽ መቼም አልነግርሽም። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ አንቺ ሦስቱን ይዘሽ ኮሎምቦ ሳለሽ፣ በሙሉ ጨረቃ በዓል ቀን እዚህ ወንዝ ዳር ነበርኩ። አጭር ክንፏ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ረጅም ክንፉ ከላይዋ ነው። ባልና ሚስት። ብልቃጥ በእጄ ነበር። ግን በሙሉ ጨረቃ ቀን ነፍስ አይጠፋም፤ ተውኳቸው። በማግስቱ ብመጣ የሉም። ማስረጃ የለኝ፣ ምን ልበል? ከዚያ ስሜ የታተመበት ገጽ መጣ። ሊሊ ሳቀች። ያን ሳቅ አይቼ እንዴት ልናገር?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ!»

«አልጠየቅሽኝማ! ስለ ካባው ርዝመት ጠየቅሽኝ። ከማን ጋር እንደሚተኛ አልጠየቅሽኝም።»

ኡዳሪ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እውነት ነው። አሥራ አራት ወር የሞቱትን ስትለካ ኖራለች፤ በሕይወት ያያቸውን ሰው አንድ ቀን ቁጭ አድርጋ አልጠየቀችም።

«ስሙ ጨርሶ አይጠፋም» አለች እጇን ከፊቷ አንስታ። «ከትክክለኛው ስም በታች፣ ገባ ተደርጎ ይጻፋል። ዝርዝሩ በታተመ ቁጥር እዚያው ይኖራል።»

«እንደ ጥገኛ?»

«በታላቁ ቤት እንደሚኖር ወንድም።»

«ለሌላ ፌንጣ ይሰጡታል?»

«በዚያ ወገን ውስጥ ለሌላ አይሰጥም። ለዘለዓለም።»

ጉኔሪስ አሰበበትና ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ እንደኛ ነዋ። እሱ አይወጣም፣ ሌላም አይገባበት።»

ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችለት። እርሳሱን ይዞ ከስድስተኛው ሳምንት ጎን የጎደለውን ምልክት አደረገ። ሊመልስላት ሲል ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«የዛሬን ቀን ይጻፉበት። ዛሬ እንደተጨመረ መታወቅ አለበት።»

«አንቺ ከመነኮሳት ትብሻለሽ» አለና ጻፈ፤ ቀኑን፣ ከዚያም ስሙን፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየሳለ። ኡዳሪ አዲስ ገጽ ገለጠች። የሙሉ ጨረቃውን ቀን፣ ድንጋዩን፣ የሁለቱን አቀማመጥ እንደገና ጠየቀችው፤ እያንዳንዱን መልስ እንዳለ አሰፈረች። ከገጹ አናት ላይ የመጀመሪያ ተመልካች ብላ ስሙን ጻፈች።

ሲጨርሱ እኩለ ቀን ሆኗል። ጉኔሪስ ተነስቶ የመጨረሻውን ደረቅ እንጨት ምድጃው ላይ ደረደረ፤ ከበሩ ጥግም የጭቃውን ድስት አመጣ።

«ሩዙስ?» አለች ኡዳሪ።

«ዛሬ የጭቃው ተራ ነው። ሩዙ በኋላ በፍሙ ይበስል እንደሆነ እናያለን።»

«አጎቴ፣ ሌላ እንጨት የለንም።»

«አሥራ አንዱ ምን አጠፉ፣ ይራቡ? እነሱም እንደኛ መውጫ የላቸው።» እሳቱን በትንፋሹ አነሳሳ። «ሃያ ደቂቃ ነው ያልሽው። ቁጠሪ እንግዲህ።»

ኡዳሪ በበሩ በኩል ወንዙን አየች። ድንጋዩ አልታየም። ጭቃው መንተክተክ ሲጀምር ሰዓቷን ተመለከተችና ጻፈች።