«ስኳር አለ?»

በ1963 ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሆሳዕና የተመለስኩት የእናቴ ደብዳቤ አቻኩሎኝ ነው። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢው አቶ ወልደኪዳን በአንድ ጠዋት ስምንት ጥርስ ነቅለውላት፣ ድዷ በሦስት ሳምንትም አልደረቀም። የቀሯት አራት ናቸው። ቆጮ ማኘክ ስላቃታት ዳቦ በጣፋጭ ሻይ እየነከረች ትውላለች፤ የስኳር በሽተኛ ሆና!

አዲስ አበባ የጠየቅኩት የጥርስ ሐኪም «መጀመሪያ ስኳሯ ይውረድ፣ ድዷ ይዳን» አለኝ። «ሰው ሠራሹን ጥርስ በአራቱ ላይ በሽቦ አስይዘዋለሁ። እነሱን እንዳታስነኩ።»

ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት ብሄድ የለችም። ክሊኒክ ስደርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፤ አቶ ወልደኪዳን ጉጠት ይዘዋል።

«ይቆዩ!»

«ድዱን አላድን ያሉት እነዚህ አራቱ ናቸው» አሉ። «ጠርጌ ላሳርፋቸው ብዬ ነው።»

«ድዷን ያላዳነው የስኳር በሽታዋ ነው! ሳይጠይቁ ነው የነቀሉት?»

«ካርዱን አንብቢ። የተማርሽ አይደለሽ?»

አነበብኩ። «ስኳር፦ የለም» ይላል።

«እማዬ፣ ምን ብለው ጠየቁሽ?»

«‹እትዬ ትርፊት፣ ስኳር አለ?› አለኝ። ሱቄ ውስጥ አልቆ ነበር፤ የለም አልኩት። ቅዳሜ መኪና ይገባል አልኩት።»

በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። አቶ ወልደኪዳንም ሳቁ።

«ቅዳሜ ይገባል ስትልዎ በሽታው በመኪና የሚጫን መሰልዎ?» አልኩ።

ሳቃቸውን አቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ ሥራ አታስፈቺኝ። በስልሳ ዓመት ጥርስ ለምን ይሆናል? ለሠርግ ነው?»

«ለቆጮ ነዋ» አለች እናቴ፣ ከወንበሩ እየወረደች። «ዶክተር፣ ስለ ሱቄ ጠየቅኸኝ፣ እውነቱን ነገርኩህ። ስለኔማ መቼ ጠየቅኸኝ?»

«ዛሬ ከሄዱ ነገ ሲያምዎት እንዳይመጡብኝ!»

«ካርዱን ያስተካክሉ» አልኩ።

«አንዴ የተጻፈ አይሰረዝም።»

ብዕራቸውን ከጠረጴዛው አነሳሁና «የስኳር በሽታ አለባት፤ ጥርስ አይነቀልላት» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩበት።

«በመንግሥት ወረቀት ላይ ማን ጻፊ አለሽ?» እያሉ እስከ በር ተከተሉን። እኛ ግን ጭቃውን እየረገጥን ለነገው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ቦታ ልንይዝ ሄድን።