ያላነሳው እጅ

የሥራው ደንብ አጭር ነበር፦ በማዳመጫው ውስጥ የዘመድህን ድምፅ ከሰማህ እጅህን ታነሳለህ፤ አለቃ መጥቶ መስመሩን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ስልክ እየሰማ ወረቀት ላይ ሲያሰፍር የኖረው ጸሐፊ፣ የታላቅ ወንድሙ መስመር የደረሰው ቀን እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

በወንድሙ ይቀናል። አንድ ቤት ተወልደው፣ አንድ ብርድ ልብስ ተሻምተው አድገው፣ ያኛው ዛሬ በየመንገዱ የሚሰቀለውን ካሜራ ለመንግሥት የሚያቀርብ ባለሀብት ሆኗል። ያንገበገበው ግን ሀብቱ አልነበረም፤ እናታቸው ናት። እሱ ሲደውልላት «በላህ? ደህና ነህ? በል ካርድህን አትጨርስ» ብላ ትዘጋለች። ከታላቁ ጋር ግን ሃያ ደቂቃ! ያውም እየተንከተከተች። እንዲህ መሳቅ እንደምትችል በዚህ ዕድሜው ገና መስማቱ ነው።

«የኔ ጌታ፣ ያ ወፍራሙ ሹም ደግሞ ዛሬ ምን አለህ?» ትላለች።

ሦስት ሳምንት ጆሮውን ቀስሮ ጠበቀ። የእሱን ስም አንድ ቀን እንኳ አላነሱም። ቢያሙት ይሻለው ነበር።

አንድ ሰኞ ወንድሙ እንዲህ አላት፦ «እማዬ፣ ገበያው ማዶ ያሉትን ካሜራዎች አትፍሪያቸው። ግማሾቹ ባዶ ቀፎ ናቸው፤ ውስጣቸው ምንም የለም። ሹሙም ያውቃል፤ ድርሻው ደርሶታል።»

«ኧረ አንተ ሌባ!» አለች እናት፣ ስትመርቅ በምትናገርበት ድምፅ።

ጸሐፊው አንዲት ቃል ሳይጥል ጻፈው። የሳቀችበትን ቦታ ሁሉ ሳይቀር «ሴትየዋ ሳቀች» እያለ በቅንፍ አሰፈረ። ቅናት እጁን ይዞት ነበርና፣ ያ ቅንፍ እናቱን የምስጢሩ ተካፋይ እንደሚያደርጋት አልታየውም።

ሐሙስ ዕለት አለቃው አስጠራው።

«ምነው አርፈህ ብትኖር?» አለው፣ በሩን ዘግቶ። «ይሄ ወረቀትህ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ሹሙ ደግሞ ያኑ ዕለት ለባለሀብቱ ደውሎ አነበበለት። አንተ የምታዳምጥበት ማሽን የማን ዕቃ ይመስልሃል? እሱው ነው ያቀረበው።»

«ታዲያ... ይታሰራል?»

«ማ? እሱ?» አለቃው ሳቁ አመለጠው። «የእሱ መስመር ከዛሬ ጀምሮ አይሰማም። የሚሰማው የአሮጊቷ ነው። ነገሩን ለሰው ካወራች ትወሰዳለች። ከጎንህ ለምትሠራው ሴትዮ ሰጥቻታለሁ፤ አንተ ትንሽ ዕረፍ።»

«እናቴ ናት» የሚለው ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ካለ ግን ወንድሙን ደብቆ ሲሰማ መክረሙ ይወጣል። ዋጠው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት። ቀድማ ደውላለት አታውቅም።

«ልጄ፣ ወንድምህ ምን ሆኖ ነው? ስልኬን አላነሳ አለ። እንቅልፍ አጣሁ እኮ! አንተ መንግሥት ቤት ነው የምትሠራው፣ ወሬ አታጣም። በዚያ በካሜራው ነገር ይሆን...»

በቢሮው መስታወት በኩል የጎኑ ሴትዮ ትታየዋለች። ምሳዋን ትታ ማዳመጫዋን ደፍታለች፤ ጣቶቿ መሮጥ ጀምረዋል።

«እማዬ፣ ተይ! አሁን አይመቸኝም።»

«ቆይ እንጂ! ያ የነገረኝ፣ ባዶው...»

ዘጋባት። ደገመች፤ ዘጋባት። በሦስተኛው አነሳና ያለ የሌለ ድምፁን አውጥቶ፣ «ሁለተኛ እንዳትደውዪልኝ! ወሬሽን አልፈልግም!» ብሎ ጮኸባት።



«እሱ እኮ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ «እሱ እንዲህ ጮኾብኝ አያውቅም።»

ሴትየዋ ከመስታወቱ ማዶ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ አቀርቅራ ይህንንም ጻፈችው።