ገባ፣ ገባች

እና ደግሞ እናታችን ይለኛል፣ ዶክተር ሸዋንዳኝ፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ እኔ አገር ለቅቄ ስሄድ እናቱ ገና ልጃገረድ ነበረች፣ እናታችን ማለት በዚህ ቤት የክብር ስም መስሎኝ ነበር፣ ጥግሽን ይዘሽ ተቀመጪ ማለት ነው፣ ተቀምጫለሁ፣ በስድሳ ሁለት ዓመቴ የድኅረ ዶክትሬት ጀማሪ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፕራግ ውስጥ የወንዝ ውሃ ስመረምር ኖሬ፣ በአምስት ቋንቋ አንብቤ፣ መጨረሻዬ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ። ምን ቤተ ሙከራ ነው ይሄ። ማይክሮስኮፑ ላይ ሹራብ ተሰቅሏል። የሐይቅ ጥናት የሚለው የበሩ ማስታወቂያ እንኳ ሁለት የፊደል ግድፈት አለበት፣ ስንቱ ዶክተር በሥሩ ሲያልፍ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም፣ ስለማያነቡ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ያነበቡት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ብቻ ነው፣ እሱንም መጻፋቸውን እጠራጠራለሁ።

ሦስት ሳምንት የሠራሁት ሥራ ይኸው፣ የኤርጫፎን ደብተሮች ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ። ኤርጫፎ የጫሞ ሐይቅ መዝጋቢያቸው ነው፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባ ባስጠጉ ቁጥር ዓሣውን ይለካል፣ ሆዱን ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ አንድ ደብተር፣ ሽፋኑ ላይ ኳስ ተጫዋች፣ ገጾቹ መሃል የደረቀ ቅርፊት። ቆሮሶ፣ 41፣ ገባ። ቆሮሶ፣ 44፣ ገባች። ቆሮሶ፣ 39፣ ገባ። ቆሮሶ ያው ቆሮሶ ነው፣ አንድ ዓይነት ዓሣ፣ አንዴ ገባ አንዴ ገባች፣ ሰውየው አማርኛ አያውቅም፣ ምን ይደረግ፣ እኔን ራሴን የመጀመሪያ ቀን በር ላይ አግኝቶኝ ምን አለኝ፣ ዶክተር፣ መጣህ? መጣህ! ቀሚስ ለብሼ ቆሜ።

አባቴ ቢሰማው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ሴቻ ሰፈር ያስተምር ነበር፣ ዳገቱ ላይ ገና ቤት ሳይበዛ፣ ሴቷን በወንድ አንቀጽ የጠራ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ይንበረከካል፣ እኔ ከፊት ወንበር ዞሬ እስቃለሁ፣ የተንበረከኩት ሁልጊዜ እነሱ ናቸው፣ የጋሞ ልጆች፣ እኔ አንድ ቀን አልተንበረከክሁም። እንግዲህ የአባቴ ልጅ ነኝና የኤርጫፎንም አስተካከልሁለት፣ ገባች ያለውን ሁሉ ገባ፣ ገባ፣ ገባ፣ አራት ሺህ መስመር፣ ጾታ በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ አልተመዘገበም፣ እስከ ታች ድረስ አልተመዘገበም፣ መጨረሻ ላይ አንድ ማስታወሻ፣ የመስክ መዝጋቢው የትምህርት ደረጃ ለሥራው አይመጥንም። አጭር። ጥርት ያለ። ሸዋንዳኝ ወደደው፣ እናታችን ዓይናችንን ገለጡልን፣ የሰውየውን ውል አናድስም፣ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ እፈርማለሁ፣ የእርስዎም የሙከራ ጊዜ በዚሁ ይዘጋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰው መሆኔ ታወቀ።

ሦስት ሰዓት ተኩል። ኤርጫፎ ራሱ ገባ፣ አዲስ ደብተር በላስቲክ ጠቅልሎ፣ የሐይቅ ጠረን ይዞ፣ ምንም አያውቅም፣ ፈገግ ብሏል። ትሁት ተነሣችለት፣ የማስተርስ ተማሪዋ፣ ስሟን ያወጣላት ሰው ጠባይዋን አላየም፣ ጋሽ ኤርጫፎ፣ ትለዋለች፣ መመረቂያዬን ገደልከው እኮ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆድ ስትከፍት ኖረህ ወንድና ሴቱን አንድ ቀን እንኳ አትጽፍም? ኧረ ማነው ያለ? ጽፌያለሁ። የት? እዚያው ነዋ፣ ገባ፣ ገባች፣ እንቁላል ያየሁባት ገባች፣ ያላየሁበት ገባ።

ገባች።

ትሁት ትስቃለች፣ እኛ እኮ አማርኛህ መስሎን፣ ትናንት እኔን የት ሄድህ አላልከኝም? እሱ እቴ፣ አያፍርም፣ ሰው ይሳሳትብኛል፣ ይላታል፣ ትሁት፣ የሰው ሆድ አይከፈትማ፣ ዓሣን ግን ከፍቼ አይቼ ነው የምጽፈው። እንደገና ሳቁ። እንቁላል ያየሁባት፣ አራት ሺህ መስመር፣ የጥናቱ ጥያቄ ራሱ እኮ ይህ ነው፣ ዓሣው ለምን አነሰ፣ እናቶቹ የት ሄዱ፣ እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው፣ በአንድ ፊደል፣ እየሳቅሁ። እትዬ ፅዮን፣ ትላለች ይህች ልጅ፣ እርስዎ ሲገለብጡ አላዩትም?

አላየሁም ልበል። ደብተሮቹ እኔ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ሁሉም ገባ ነው የሚለው ብል ማን ይጠይቀኛል፣ የፕራግ ዶክተርና መጣህ የሚል ሰው ተከራክረው ማን ይረታል፣ አውቃለሁ ማን እንደሚረታ፣ ልጅ ሆኜም አውቀው ነበር። ቀላል ነው። በጣም ቀላል ነው፣ የሚያስጠላውም እሱ ነው፣ ስንት መጽሐፍ አንብቤ እዚህ ስደርስ የሚያድነኝ የአባቴ ጥቁር ሰሌዳ።

ሸዋንዳኝ ወረቀቱን ይዞ ገባ፣ እስክሪብቶው ተከፍቷል፣ ኦ፣ ኤርጫፎ፣ ጥሩ ጊዜ መጣህ፣ የማነጋግርህ ጉዳይ ነበረኝ። አትፈርም፣ እላለሁ። ምን አሉኝ እናታችን? አትፈርም፣ ጾታው ተመዝግቧል፣ በትክክል ተመዝግቧል፣ ዓሦቹን ሁሉ ወንድ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፣ የሰዋስው ስህተት መስሎኝ። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ ለዚህ።

ኤርጫፎ ብቻ ቀስ ብሎ ጠየቀ፣ ሁሉንም? ሁሉንም። አምናውንም? አምናውንም። ራሱን አከከ፣ ኧረ ዶክተር፣ ታዲያ ማን ሊወልድ ነው?

ትሁት ወንበሯ ላይ ተደፍታ ትስቃለች፣ ሸዋንዳኝ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ፣ ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል አይውጣ፣ ማስታወሻውንም እንዳለ ብንተወው፣ ለእርስዎ ክብር ስል ነው፣ ለእኔ ክብር! ለራሱ ስም ነው የፈራው፣ ትንሽ ሰው፣ ወረቀቱን ከእጁ ስቤ ለሁለት ቀደድሁት፣ ውሉን አድስለት፣ የእኔን የሙከራ ጊዜ እንደፈለግህ አድርገው፣ ቁራጮቹን ከወለሉ ይለቅማል፣ ደስ አይበለኝ እንዴ፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

መሳቢያውን ከፈትሁ። ሌላ ሦስት ሳምንት። እነሱ ይሳቁ። የመጀመሪያው ደብተር፣ 1995፣ ሴቶቹን ብቻ፣ 46፣ ገባች፣ 44፣ ገባች፣ 47፣ ገባች፣ ጥሩ፣ የመጨረሻው ደብተር፣ አምና፣ 29፣ ገባች፣ 26፣ ገባች፣ ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄማ ስህተት ነው፣ ኤርጫፎ፣ ሃያ ስድስት ሴንቲሜትር ሆና እንቁላል? ከፍቼ ነው፣ ዶክተር። 25፣ ገባች፣ 24፣ ገባች፣ አንድ አርባ የለም፣ ገጹን እገልጣለሁ፣ አንድ ሠላሳ የለም፣ 24፣ 23፣ ገባች፣ ገባች፣ ትልልቆቹ ተሰግረው አልቀዋል፣ እነዚህ ገና ሳያድጉ እንቁላል ይዘዋል፣ ልጆች ናቸው እኮ፣ የሚወልዱት ልጆች ናቸው።