ቦራ የተካፈለው እንክብል

ውሸት ነው ብትሉኝ አልፈርድባችሁም። እኔ ቀጀላ፣ ከስምንተኛ ክፍል የተሰናበትኩት፣ የደንዲ ሐይቅ ሲያዛጋ አየሁ ብዬ ግማሽ አምቦን ያሳመንኩ ነኝ።

አጎቴ ኦቦ ጀቤሳ ጋሪ ነጂ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለበት። መድኃኒት እየወሰደም ከጋሪው ላይ ወደቀ። ሐኪሙ፣ "ዳግመኛ ከወደቁ ጋሪውን ይተዋሉ" አለው። አጎቴን ከፈረሱ ከቦራ መለየት ደግሞ ጥላውን መንጠቅ ነው።

ሴት ልጁ ዱሬቲ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሰው ደም ውስጥ ያለ መድኃኒት ትለካለች። ኤሌክትሮድ የምትለው ቀጭን ዘንግ አላት፤ የከሰል ጫፉን በሆነ ነገር ትቀባዋለች። ቅቡ ከደሙ ውስጥ መድኃኒቱን ብቻ እየመረጠ ይይዛል። ከዚያ ኮምፒውተሩ መስመር ይስላል፤ መድኃኒቱ ከበዛ ተራራ፣ ካነሰ ጉብታ።

ዘንጉ አጎቴ ደም ውስጥ ሲነከር መስመሩ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ኮረብታ ከጉም ውስጥ ብቅ እንደሚል። ክፍሉ ሁሉ ጉም የገባበት መሰለኝ። ግን ጉብታ ላይ ሲደርስ ወዲያው ዝቅ አለ።

"አባዬ፣ መድኃኒቱን አትውጥም!"

"ዋቃ ይየኝ! ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ።"

"ግማሹን ቦራ ነው የሚበላው" አልኩ።

ዱሬቲ ሳቀች። "አንተ ደግሞ! አህያ ጠላ ጠጥታ ሰበከች ያልከውስ?"

"እሱ ውሸት ነበር። ይሄ እውነት ነው።"

"ያኔም እንዲሁ ነበር ያልከው።"

አጎቴ ውጭ የቆመውን ቦራን በመስኮት ያያል።

"እንግዲያው ፈረሱን ጠይቂው!" አልኳት።

ዱሬቲ ያስጠራችው የእንስሳት ሐኪም ፈየራ እየሳቀ ከቦራ አንገት ደም ቀዳ። ዱሬቲ ጫፉን አጥባ እንደገና ቀባችና ነከረችው። መስመሩ እንደ ታጨደ የጤፍ ማሳ ተዘረጋ፣ ተዘረጋ፤ ከዚያ የአጎቴ ጉብታ በነበረበት ቦታ ላይ ጉንዳን የምታህል ጉብታ ብቅ አለች።

ሳቁ ቆመ።

"ስወድቅ እሱም ይንቀጠቀጣል" አለ አጎቴ ቀስ ብሎ። "አጠገቤ ቆሞ እያየኝ ብቻዬን ልዋጥ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ?"

"አባዬ፣ እሱ እኮ የሚንቀጠቀጠው ላንተ ፈርቶ ነው!"

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ሙሉዋን ይውጣል፤ ቦራ እንክብል የምታህል ስኳር ይደርሰዋል። ዱሬቲ ደግማ ስትለካ መስመሩ ተራራ ሆነ። እኔማ በተራራው ላይ አንዲት ጋሪ ቃጭሏን እያሰማች ስትወጣ አየሁ። ዱሬቲ አላየችም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶት ስለነበር ይሆናል።