ያልተሳለችው ወንበር

ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ነው የገባው። ከዛሬ ወዲያ የአራተኛ ክፍል የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጣል፤ የቀረው የሥዕል መምህርቷ ፊርማ ብቻ ነው። ምን ዓይነት ቀን ነው ጃል! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተለፍቶ በአንድ ወረቀት!

"ትምህርቱን ልጨርስና እፈርማለሁ" አለችው። ሆድ ብሷታል።

"ይጨርሱ፣ እጠብቅዎታለሁ።"

መቀመጫ ግን አልነበረም። የተረፈችው አንዲት ወንበር ጠረጴዛ ላይ ወጥታ እየተሳለች ስለሆነ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ልጆቹ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ይስላሉ። አንዱ ባለ አምስት እግር ወንበር አውጥቷል፤ ሌላው ጎማ ገጥሞላታል። ድንቢጥ የሚሏት ደቃቃ ልጅ አርፍዳ ስለመጣች እርሳስ አልቆባት፣ የደረሳት አውራ ጣት የሚያህል የከሰል ቁራጭ ነው። ወረቀቱን አቀርቅራ ታጠቁረዋለች። መምህርቷ አንጀቷ አረረ። ዛሬ፣ በዚህ ሰው ፊት!

"አንቺ ልጅ፣ ምን ጉድ..." ብላ ተጠጋች። ቁጣው አፏ ላይ ቀረ።

ከጥቁሩ መሀል ወንበሯ ቆማለች። ነጭ፣ ባለ ቀጫጭን እግር፣ ወልገድ ያለችው አንዷ እግሯ እንኳ ሳትቀር። አንድም መስመር አልተሰመረላትም።

"ማን አሳየሽ?"

"ማንም። ከሰሉ ወፍራም ነው ቲቸር፣ ቀጭን እግር አይሠራልኝም። እሷን ተውኳትና ክፍት ክፍቱን ቀባሁ። እኔ አልሳልኳትም፤ ራሷ መጣች።"

እሰይ የኔ እናት! መምህርቷ ስምንተኛ ክፍሎችን "ዕቃውን ተዉት፣ ዙሪያውን እዩ" እያለች ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ለፍታለች፤ የገባው አልነበረም። ይቺ አሥር ዓመት ያልሞላት፣ በከሰል ቁራጭ! ደብዳቤውንም ሰውየውንም ረሳች።

ዳይሬክተሩ መጥቶ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ።

"የታለ ወንበሩ?" አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ። "የፈጣሪ ያለህ!"

ቆየት ብሎ ልጅቷን "ሌላ ነገርስ ታመጪያለሽ?" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አመጣለሁ። ወረቀት ግን አልቋል።"

ዳይሬክተሩ መምህርቷን አየ፤ በእጁ የያዘውንም አየ። ከዚያ ደብዳቤውን ገለበጠና ባዶ ጀርባውን ከድንቢጥ ፊት አስቀመጠው።

"እስቲ በዚህ ላይ መስኮቱን አምጪልኝ።"